የድረ ገጽ አድራሻና የፍለጋ ውጤት፦ የዶሜይን ስምና የዩአርኤል አወቃቀር ለአማርኛ ገጾች ያላቸው ፋይዳ

አኅጽሮተ ጥናት

ቁልፍ ቃልን በዶሜይን ስም ወይም በገጽ አድራሻ ውስጥ ማስገባት ገጹን በፍለጋ ውጤት ከፍ ያደርገዋል የሚል አስተሳሰብ በድረ ገጽ አዘጋጆች ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት አለው። ይህ ጽሑፍ አስተሳሰቡን ከፍለጋ ሞተሮች አሠራርና በይፋ ከታወቁ የአሠራር ለውጦች አንጻር ይመረምራል። በመቀጠልም በግዕዝ ፊደል የሚጻፉ አድራሻዎች የሚያስነሷቸውን ሦስት ችግሮች፣ ማለትም የርዝመትን፣ የሞክሼ ፊደላትንና ወደ ላቲን ፊደል የመመለስን ጉዳይ ይተነትናል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ አድራሻ ገጽን የሚጠቅመው በውስጡ በያዛቸው ቃላት ሳይሆን አንድና ዘላቂ በመሆኑ ነው። በአማርኛ አንድን ቃል በብዙ መንገድ መጻፍ ስለሚቻል ይህን አንድነት ማስጠበቅ ከሌሎች ቋንቋዎች ይልቅ የታሰበበት ውሳኔ ይጠይቃል።

ቁልፍ ቃላት፦ ዶሜይን፣ ዩአርኤል፣ የፍለጋ ሞተር፣ ሞክሼ ፊደላት፣ ቋሚ አድራሻ

1. መግቢያ

“ስምን መልአክ ያወጣዋል” የሚለው አባባል ስም ከባለቤቱ ዕጣ ጋር የተሳሰረ ነው የሚል እምነትን ይገልጻል። በድረ ገጽ ሥራም ከዚህ የሚቀራረብ እምነት አለ። ብዙ ተቋማት ድረ ገጽ ሲከፍቱ ረጅም ጊዜ የሚያጠፉት ለስም ምርጫ ነው፤ የተመረጠው ስም ለስንት ዓመት እንደሚቆይና በውስጡ ያሉት ገጾች አድራሻ እንዴት እንደሚጠበቅ ግን እምብዛም አይወያዩበትም።

የዚህን ዝንጋታ ዋጋ ለማየት አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናትን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ጥናቱ በዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል፤ ኋላ የመጡ ተማሪዎች አድራሻውን በዋቢነት ይጠቅሳሉ፤ የፍለጋ ሞተሮችም እነዚህን ጥቆማዎች እየተከተሉ ጥናቱን ያገኙታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማከማቻው በአዲስ ፕሮግራም ይተካል፤ የቀድሞው አድራሻም ይሞታል። ጥናቱ አልጠፋም፤ በሰርቨሩ ላይ በሌላ አድራሻ ተቀምጧል። ነገር ግን በቀድሞው አድራሻ ላይ የተጠራቀመው እውቅና ሁሉ የትም አያደርስም። በአማርኛ የተጻፈ የምርምር ጽሑፍ በበይነ መረብ ላይ ጥቂት በመሆኑ የአንዱ መጥፋት እንኳ የሚሰማ ጉድለት ነው።

ስለዚህ ጽሑፉ ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣል። አንደኛ፣ የዶሜይን ስምና የዩአርኤል አወቃቀር በፍለጋ ውጤት ደረጃ ላይ ያላቸው ቀጥተኛ ተጽዕኖ ምን ያህል ነው? ሁለተኛ፣ በግዕዝ ፊደል ለሚጻፉ ገጾች አድራሻ ሲወሰን ምን ሊታሰብበት ይገባል? በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የአድራሻ ክፍሎችና የፍለጋ ሞተር አሠራር

የዶሜይን ስም ሥርዓት በ1983 በፖል ሞካፔትሪስ ሲነደፍ ዓላማው ሰዎች የኮምፒዩተሮችን ቁጥር ከማስታወስ እንዲድኑ ነበር። የዩአርኤል ደንብ ደግሞ በ1994 በይፋ ወጥቶ በ2005 ተሻሽሏል። ሁለቱም የተነደፉት የዛሬዎቹ ግዙፍ የፍለጋ ሞተሮች ከመምጣታቸው በፊት በመሆኑ፣ ስለ ውጤት ደረጃ ታስቦባቸው የተሠሩ አይደሉም። አድራሻ በመሠረቱ መለያ ነው።

አንድ ሙሉ አድራሻ ቢያንስ ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የዶሜይን ስም ሲሆን፣ የትኛው ሰርቨር እንደሚጠየቅ ያመለክታል። ሁለተኛው በአግድም ሰረዝ እየተከፈለ የሚሄደው መንገድ ነው፤ በሰርቨሩ ውስጥ የትኛው ሰነድ እንደተፈለገ ይገልጻል። ሦስተኛው ከጥያቄ ምልክት በኋላ የሚመጣው ተለዋጭ ክፍል ነው፤ የገጽ ቁጥርን፣ የአደራደር ምርጫን ወይም የፍለጋ ቃልን ይይዛል። በዶሜይን ስም ውስጥ የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት ዋጋ የለውም፤ በመንገዱ ውስጥ ግን ልዩነቱ አድራሻውን ሌላ ያደርገዋል።

የፍለጋ ሞተር ሥራ በሦስት ደረጃዎች ይከፈላል። በመጀመሪያው ደረጃ ቃኚ ፕሮግራም ከአንድ አድራሻ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ገጾችን ይሰበስባል። በሁለተኛው ደረጃ የተሰበሰበው ይዘት ይተነተናል፣ ተመሳሳይ ገጾች በአንድ ላይ ይመደባሉ፣ ከመካከላቸውም ወካይ የሚሆነው ተመርጦ በመዘርዝር ውስጥ ይገባል። በሦስተኛው ደረጃ ለተጠቃሚው ጥያቄ የሚስማሙት ገጾች በቅደም ተከተል ይቀርባሉ። አብዛኛው ክርክር የሚያተኩረው በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ አድራሻ ከፍተኛ ሚና የሚኖረው ግን በሁለቱ ቀዳሚ ደረጃዎች ነው። ያልተቃኘ ገጽ አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ገጽም ደረጃ የለውም።

ሰርጌይ ብሪንና ላሪ ፔጅ በ1998 ያስተዋወቁት የፔጅራንክ ስሌት የዚህን ምክንያት በግልጽ ያሳያል። በስሌቱ መሠረት አንድ ገጽ የሚመዘነው ከሌሎች ገጾች በሚመጡለት ማስፈንጠሪያዎች ብዛትና ክብደት ነው። ማስፈንጠሪያ ደግሞ የሚያመለክተው አድራሻን ነው። ስለዚህ አድራሻ ገጹ ከውጭ የሚያገኘው እውቅና የሚጠራቀምበት ቋት ነው ማለት ይቻላል።

3. የዶሜይን ስም ምን ያህል ይመዝናል?

ተጠቃሚው ከሚጽፈው የፍለጋ ቃል ጋር ፍጹም የሚመሳሰል ዶሜይን መግዛት በአንድ ወቅት የተለመደ ስልት ነበር። ይዘታቸው ደካማ የሆኑ ብዙ ድረ ገጾችም በዚህ መንገድ ከፍ ያለ ቦታ ይዘው ታይተዋል። ጉግል ሴፕቴምበር 28 ቀን 2012 በማት ከትስ በኩል ባሳወቀው ለውጥ የእነዚህን ዝቅተኛ ጥራት ያላቸው ዶሜይኖች ታይታ ቀንሷል። ለውጡ በአሜሪካ ከሚደረጉ የእንግሊዝኛ ፍለጋዎች 0.6 ከመቶ ያህሉን እንደሚነካ በወቅቱ ተገልጾ ነበር። ኩባንያው ለድረ ገጽ አዘጋጆች ባወጣው መሠረታዊ መመሪያም በዶሜይን ስም ወይም በመንገድ ውስጥ ያለ ቁልፍ ቃል ብቻውን በደረጃ ላይ ያለው ውጤት ከምንም የማይቆጠር እንደሆነ አስፍሯል።

ይህ ከሆነ የቀድሞው ልምድ ስለምን ሌላ ነገር የሚያሳይ መሰለ? አንዱ ማብራሪያ የሁለት ነገሮች አብሮ መታየት ነው። ሌሎች ሰዎች ወደ አንድ ድረ ገጽ ሲያመለክቱ አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ይጠቅሳሉ። ስሙ ራሱ ቁልፍ ቃል ከሆነ የማስፈንጠሪያው ጽሑፍም ቁልፍ ቃል ይሆናል። የፍለጋ ሞተሩ የሚያነበው ይህንን ጽሑፍ ነው፤ ተመልካቹ ግን ውጤቱን ለዶሜይኑ ይሰጣል። በተመሳሳይ ሁኔታ ቀላልና አጭር ስሞች ቀድመው የተያዙ በመሆናቸው ባለቤቶቻቸው ብዙውን ጊዜ ነባር ድረ ገጾች ናቸው፤ ነባር ድረ ገጽ ደግሞ ብዙ ማስፈንጠሪያዎችን አጠራቅሟል። ዕድሜና ስም አብረው ስለሚሄዱ አንዱን ከሌላው ለይቶ ሳይለኩ መደምደም ያሳስታል።

የዶሜይኑ መጨረሻ ግን ሌላ ሚና አለው። በ1995 ለኢትዮጵያ የተመደበው ነጥብ ኢቲ ድረ ገጹ በዋናነት ለኢትዮጵያ ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ መሆኑን ለፍለጋ ሞተር ያመለክታል። ለአንድ የአገር ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ባንክ ይህ ጠቃሚ ምልክት ነው። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ለሚኖሩ የአማርኛ አንባቢዎች የሚጽፍ አዘጋጅ ግን የሚፈልገው አገርን ሳይሆን ቋንቋን ማመልከት ነው፤ ለእርሱ አጠቃላይ ዶሜይን የተሻለ ሊስማማው ይችላል። የአገር ምልክትና የቋንቋ ምልክት የተለያዩ ናቸው። ጉግል የገጹን ቋንቋ የሚለየው ከአድራሻው ሳይሆን በገጹ ላይ ከሚታየው ጽሑፍ ነው።

የደኅንነት ፕሮቶኮልም በአድራሻ ውስጥ ይታያል። ጉግል በኦገስት 2014 የተመሰጠረ ግንኙነትን እንደ አንድ የደረጃ መስፈርት መቁጠር መጀመሩን አስታውቆ፣ ክብደቱ ግን ቀላል መሆኑንና ከዓለም አቀፍ ፍለጋዎች ከ1 ከመቶ ያነሱትን ብቻ እንደሚነካ ገልጿል። እዚህም ላይ ምልክቱ አለ፤ ነገር ግን ደካማ ይዘትን የሚያድን አይደለም።

የዶሜይን ትልቁ አደጋ ከምርጫው ይልቅ በመቋረጡ ላይ ይታያል። በፕሮጀክት ገንዘብ የተከፈተ ድረ ገጽ በጀቱ ሲያልቅ የዶሜይን ክፍያው ይቆማል፤ ስሙም ለሌላ ገዢ ክፍት ይሆናል። ጉግል በማርች 2024 ባወጣቸው ደንቦች ጊዜያቸው ያለፈ ዶሜይኖችን ገዝቶ የቀድሞ ባለቤታቸውን ዝና ለዝቅተኛ ይዘት ማዋልን እንደ ማጭበርበር መድቧል። ደንቡ ገዢውን ይቀጣል እንጂ ለቀድሞው ባለቤት የጠፋውን አይመልስም።

4. ቁልፍ ቃልና መዋቅር በመንገዱ ውስጥ

በመንገዱ ውስጥ ያሉ ቃላት በደረጃ ላይ ያላቸው ቀጥተኛ ክብደት እጅግ ጥቂት ቢሆንም ለሰው የሚሰጡት ጥቅም የሚናቅ አይደለም። በቴሌግራም የተላከን አድራሻ የሚያይ ሰው ከመክፈቱ በፊት ስለ ምን እንደሆነ መገመት ቢችል የመክፈት ዕድሉ ይጨምራል። ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም በፍለጋ ውጤት ገጽ ላይ እየጠበበ መጥቷል። ጉግል በጃንዋሪ 2025 በስልክ ላይ በሚታዩ ውጤቶች ከዶሜይኑ ቀጥሎ ይታይ የነበረውን የመንገድ ተዋረድ አንስቶ ዶሜይኑን ብቻ ማሳየት ጀምሯል።

ቃላትን ለመለያየት አጭር ጭረት (-) ከግርጌ መስመር (_) ይመረጣል፤ ምክንያቱም ጭረቱ ቃላቱ የተለያዩ መሆናቸውን ለተጠቃሚውም ለፍለጋ ሞተሩም በተሻለ ሁኔታ ያመለክታል። የማኅደሮች ጥልቀት በራሱ ገጹን ዝቅ አያደርግም፤ የሚጎዳው ገጹ ከመነሻ ገጹ ብዙ ጠቅታ ርቆ ሲቀበር ነው። አንድን ክፍል በዶሜይኑ ፊት በንዑስ ዶሜይንነት ወይም ከዶሜይኑ በኋላ በማኅደርነት ማስቀመጥም በጉግል አቋም ሁለቱም ተቀባይነት ያላቸው አማራጮች ናቸው።

ትክክለኛው የመዋቅር ችግር ያለው በተለዋጭ ክፍሎች ላይ ነው። አንድ የዜና ዝርዝር በቀን፣ በርዕስና በጸሐፊ መደርደር የሚቻል ከሆነ፣ እያንዳንዱ ምርጫ የራሱን አድራሻ ሊፈጥር ይችላል። ወደፊትም ወደኋላም ያለ ገደብ የሚገላበጥ የቀን መቁጠሪያ ደግሞ ማለቂያ የሌላቸው ባዶ ገጾችን ለቃኚው ያቀርባል። ቃኚው ጊዜውን በእነዚህ ላይ ሲያባክን አዲሱ ጽሑፍ ሳይጎበኝ ይቆያል።

በኢትዮጵያ ድረ ገጾች ላይ የዘመን አቆጣጠር ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በመንገዱ ውስጥ 2016 የሚል ዓመት ሲታይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ አንባቢ ግን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጀ ጽሑፍ አድርጎ ይወስደዋል። ዓመትን ከአድራሻው ማውጣትና በገጹ ውስጥ በሁለቱም አቆጣጠር በግልጽ መጻፍ ከዚህ ብዥታ ያድናል።

5. የግዕዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ

የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ ስሪት ውስጥ ከገባ ወዲህ በድረ ገጽ ይዘት ላይ መጠቀም ቀላል ሆኗል። በአድራሻ ላይ ግን ሁኔታው ይለያል።

5.1 የርዝመት ጉዳይ። የዩአርኤል ደንብ የሚፈቅደው የተወሰኑ የላቲን ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና ምልክቶችን ብቻ ነው። ሌላ ፊደል ሲገባ ወደ ባይት ተለውጦ እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ምልክቶች ይወከላል። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ በአድራሻው ውስጥ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። “የኢትዮጵያ-ታሪክ” የሚለው አጭር ሐረግ ዘጠኝ ፊደላትና አንድ ጭረት ብቻ ቢኖሩትም ሲለወጥ 82 ምልክቶች ይሆናል። አሳሽ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ በአድራሻ መስኮቱ ላይ በአማርኛ መልሰው ያሳዩታል፤ ተቀድቶ ወደ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ግን ረጅሙና የማይነበበው መልክ ይወጣል።

ይህ ርዝመት ለፍለጋ ሞተር እንቅፋት አይደለም። የድረ ገጽ ካርታ ደንብ ለአንድ አድራሻ ከ2,048 ያነሱ ምልክቶችን ስለሚፈቅድ ለተለመደ ርዕስ በቂ ቦታ አለ። ጉግልም የአንባቢውን ቋንቋ በአድራሻ ውስጥ መጠቀምን ይፈቅዳል፤ እንዲያውም ይመክራል። ችግሩ የሚነሣው አድራሻው በወረቀት ላይ በዋቢነት ሲታተም፣ በመልእክት ውስጥ ሲቆረጥ ወይም ሰው በእጁ ሲገለብጠው ነው። የተቆረጠ አድራሻ ደግሞ የሞተ አድራሻ ነው።

በዶሜይን ስም ውስጥ የግዕዝ ፊደል ለመጠቀም ሌላ ስልት አለ። በ2003 የወጣው ፑኒኮድ የተባለው ዘዴ ማንኛውንም ፊደል ወደ ተወሰኑ የላቲን ምልክቶች ይለውጣል። በነጥብ የተለየ እያንዳንዱ የዶሜይን ክፍል ከ63 ምልክት መብለጥ ስለማይችል ረጅም የተቋም ስሞች በዚህ መንገድ ላይገቡ ይችላሉ።

5.2 የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በዛሬው አማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ እና ዐ ደግሞ በአንደኛውና በአራተኛው ፊደላቸው ጭምር ይመሳሰላሉ። ስለዚህ “ፀሐይ” የሚለው ቃል በመጀመሪያው ፊደል ሁለት፣ በሁለተኛው ስድስት አማራጭ ይኖረዋል፤ በድምሩ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። “ኃይለ ሥላሴ” የሚለው ስም ደግሞ በተመሳሳይ ስሌት 24 አጻጻፎች ይኖሩታል። አንባቢ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። ለሰርቨር ግን እያንዳንዱ የተለያየ የባይት ቅደም ተከተል ነው፤ የዩኒኮድ የማስተካከያ ሕግም ሞክሼዎችን አንድ አያደርጋቸውም።

በአማርኛ የመረጃ ፍለጋ ጥናቶች ውስጥ ሞክሼዎችን ወደ አንድ ፊደል መመለስ የተለመደ የቅድመ ዝግጅት እርምጃ ነው። ነገር ግን ይህ የሚሠራው በጽሑፉና በፍለጋ ቃሉ ላይ እንጂ በአድራሻው ላይ አይደለም። መዘዙ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በርዕሰ ጉዳይ መለያዎች ላይ ነው። ሁለት አዘጋጆች ያሉት አንድ ድረ ገጽ ቢኖርና አንዱ ጽሑፎቹን “ፀሐይ” በሚል፣ ሌላው “ጸሐይ” በሚል መለያ ቢመድብ፣ የይዘት ማስተዳደሪያ ፕሮግራሙ ሁለት ገጾች ይከፍታል። እያንዳንዱ ገጽ ግማሹን ጽሑፍ ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ከውስጥም ከውጭም የሚመጡት ማስፈንጠሪያዎች ለሁለት ይከፈላሉ። ይዘታቸው ስለማይመሳሰል የፍለጋ ሞተሩ አንድ ናቸው ብሎ የማጣመር ምክንያት የለውም። አንድ ጠንካራ ገጽ ሊሆን የሚችለው ሁለት ደካማ ገጽ ይሆናል።

5.3 ወደ ላቲን ፊደል የመመለስ ጉዳይ። አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ርዝመቱን ያሳጥራል፤ ሞክሼዎችንም አንድ ያደርጋቸዋል። በምትኩ ግን ሌላ ጉድለት ያመጣል። ወጥ የሆነ ልማድ ስለሌለ ጸሐፊው የፈለገውን ይመርጣል፤ ከዚህም በላይ የተለያዩ የአማርኛ ድምፆች ይደባለቃሉ። ቀ እና ከ፣ ጠ እና ተ፣ ጨ እና ቸ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል ይጻፋሉ። በዚህ ልማድ “ከበረ” እና “ቀበረ” አንድ ይሆናሉ፤ “ተራ” እና “ጠራ” እንዲሁ። የግዕዙ አጻጻፍ አንዱን ቃል ያበዛል፤ የላቲኑ አጻጻፍ የተለያዩትን ያዋህዳል።

6. በተግባር የታዩ ምርጫዎች

በአማርኛ የሚሠሩ የታወቁ ድረ ገጾች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት ምላሽ የተለያየ ነው። በ2017 ሥራ የጀመረው ቢቢሲ አማርኛ በዋናው ዶሜይን ሥር በማኅደርነት የተቀመጠ ሲሆን፣ የጽሑፎቹ አድራሻ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር መለያ ይይዛል። የዶይቸ ቬለ አማርኛ ክፍል በማኅደር ሥር ሆኖ ርዕሱን በግዕዝ ፊደል ያስገባና መለያ ቁጥር ያስከትላል። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል በበኩሉ ንዑስ ዶሜይን በመጠቀም ርዕሱን በላቲን ፊደል ጽፎ ቁጥር ያስከትል ነበር። አማርኛ ውክፔዲያ ደግሞ የጽሑፉን ርዕስ ራሱን በግዕዝ ፊደል አድራሻ ያደርገዋል።

አራቱም በአማርኛ ፍለጋ ውጤቶች ውስጥ የሚገኙ ናቸው። አድራሻው ውስጥ አንድም የአማርኛ ቃል የሌለበት ጽሑፍ ለአማርኛ ጥያቄ መውጣቱ ብቻውን ቁልፍ ቃል አስፈላጊ ቅድመ ሁኔታ እንዳልሆነ ያሳያል። ይበልጥ ትምህርት ሰጪ የሆነው ግን የመለያው ነገር ነው። ሦስቱ የዜና ተቋማት ከቃላት ነጻ የሆነ መለያ ስለሚጠቀሙ የርዕስ ፊደል ቢታረም የገጹ ማንነት የሚታወቅበት ሌላ መንገድ አለ። ውክፔዲያ ቃሉን ራሱን መለያ ስላደረገ የሞክሼ ችግር በቀጥታ ያገኘዋል፤ መፍትሔውም ከተለዋጭ አጻጻፎች ወደ ዋናው ርዕስ የሚመራ ገጽ መፍጠርና ትክክለኛው አድራሻ የትኛው እንደሆነ በገጹ ውስጥ ማመልከት ነው።

7. የተበተነን መሰብሰብ

አንድ ይዘት በብዙ አድራሻ ሲገኝ የፍለጋ ሞተር ይቀጣል የሚለው አባባል የተሳሳተ ነው። ሞተሩ ተመሳሳይ ገጾችን መድቦ አንዱን ወካይ ያደርጋል፤ ምልክቶቻቸውንም ወደ እርሱ ለማጠቃለል ይሞክራል። አደጋው ምርጫው ባለቤቱ የማይፈልገው ላይ መውደቁ ወይም መመሳሰሉ ጭራሽ አለመታወቁ ነው።

ለዚህ ሁለት ዋና መሣሪያዎች አሉ። ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት በፌብሩዋሪ 2009 በጋራ ያስተዋወቁት የቀኖና አድራሻ ምልክት በገጹ ራስጌ ውስጥ ተቀምጦ ወካዩ አድራሻ የትኛው እንደሆነ ይናገራል፤ የፍለጋ ሞተሩ ምልክቱን እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ትእዛዝ አይቀበለውም። ሁለተኛው ቋሚ ማዛወሪያ ነው። ሰርቨሩ 301 የሚል ምላሽ ሲሰጥ የቀድሞው አድራሻ እስከ መጨረሻው ወደ አዲሱ መዛወሩን ያሳውቃል። የጉግል ባለሙያዎች በ2016 እንዳረጋገጡት በእንዲህ ዓይነት ማዛወር የፔጅራንክ ክብደት አይቀንስም። ድረ ገጽ ሲዛወር ማዛወሪያዎቹን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ማቆየትም ይመከራል። ለምርምር ማከማቻ ግን አንድ ዓመት አጭር ነው፤ በመጽሐፍ ውስጥ የታተመ አድራሻ ከአሥር ዓመት በኋላም ሊነበብ ይችላልና።

በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ በስፋት የሚሠራበት ዲስፔስ የተባለው የማከማቻ ፕሮግራም ጥሩ ምሳሌ ነው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሰነድ ሃንድል የተባለ ቋሚ መለያ ይሰጣል። መለያው ቋሚ የሚሆነው ግን ተቋሙ የራሱን መነሻ ቁጥር በዓለም አቀፉ መዝገብ ሲያስመዘግብ ነው። ካላስመዘገበ ፕሮግራሙ ለሙከራ ያስቀመጠው 123456789 የተሰኘው ቁጥር ይቀራል፤ ቁጥሩም በልዩ ልዩ አገሮች ባሉ ማከማቻዎች ውስጥ የሚደጋገም በመሆኑ ማንንም አይለይም። በ2021 የወጣው ሰባተኛው ስሪት የሰነዶችን ገጽ አድራሻ ወደ አዲስ ዓይነት መለያ ለውጧል። የቀድሞውን መንገድ ጠብቆ ያሻሻለ ተቋም ዋቢዎቹ አይሞቱበትም፤ ሰነዶቹን እንደ አዲስ የጫነ ግን ሁሉንም ያጣል።

8. ለቀጣይ ጥናት የዘዴ ማሳሰቢያ

የአድራሻን ተጽዕኖ ለመለካት ቀላል የሚመስለው መንገድ የነባር ገጾችን አድራሻ ለውጦ ደረጃቸውን መከታተል ነው። ይህ ዘዴ ግን መሠረታዊ ጉድለት አለበት፤ አድራሻው ሲለወጥ ማዛወርና ዳግም ቅኝት አብረው ስለሚመጡ የታየው ለውጥ ከየትኛው እንደመነጨ አይታወቅም። የተሻለው ንድፍ በአዳዲስ ገጾች ላይ የሚመሠረት ነው። በይዘት ዓይነትና በርዝመት የሚቀራረቡ ጽሑፎች በዕጣ ለሦስት ተመድበው ከፊሉ በቁጥር መለያ፣ ከፊሉ በግዕዝ፣ ከፊሉ በላቲን አድራሻ ይወጣሉ። ከዚያም አስቀድመው በተወሰኑ የፍለጋ ቃላት፣ ሞክሼ ተለዋጮችን ጨምሮ፣ የታዩበት ብዛት ይነጻጸራል።

ሦስት ገደቦች ሊታሰቡ ይገባል። ውጤቶች እንደ ተጠቃሚው ቦታና ጊዜ ስለሚለያዩ በአንድ ስልክ የታየ ደረጃ ማስረጃ አይሆንም። የጉግል ሰርች ኮንሶል በጥቂት ሰዎች ብቻ የተጻፉ የፍለጋ ቃላትን ለግላዊነት ሲባል ይሰውራል፤ የፍለጋ መጠናቸው አነስተኛ በሆኑ ቋንቋዎች ይህ ክፍል ብዙ ሊሆን ስለሚችል የሰርቨር መዝገብን በተጓዳኝ መመርመር ያስፈልጋል። በመጨረሻም ብዙ ጊዜ መከፈትና በከፍተኛ ደረጃ መውጣት የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው፤ የሚነበብ አድራሻ የመጀመሪያውን ጨምሮ ሁለተኛውን ሳይነካ ሊቀር ይችላል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትንታኔ ወደ አንድ መደምደሚያ ያመራል። በዶሜይን ስምም ሆነ በመንገድ ውስጥ ያሉ ቃላት በፍለጋ ደረጃ ላይ ያላቸው ቀጥተኛ ክብደት አነስተኛ ነው። አድራሻ ግን የማስፈንጠሪያዎች፣ የዋቢዎችና የአንባቢ እምነት መጠራቀሚያ በመሆኑ አንድነቱና ዘላቂነቱ የገጹን ዕጣ ይነካል።

ለአማርኛ ድረ ገጾች ከዚህ የሚመነጩት ተግባራዊ ውሳኔዎች ጥቂት ናቸው። የገጹ ማንነት ከአጻጻፍ ነጻ በሆነ መለያ ይመሥረት፤ ቃል ከተጨመረም ለአንባቢ ምቾት ይሁን። ተቋሙ ለሞክሼ ፊደላት አንድ የአጻጻፍ መመሪያ ያውጣ፤ የርዕሰ ጉዳይ መለያዎች በአንድ ፊደል ይመዝገቡ፣ ሌሎቹ አጻጻፎችም ወደዚያ ይዛወሩ። የዶሜይን ክፍያ በፕሮጀክት በጀት ሳይሆን በተቋሙ መደበኛ በጀት ይያዝ። ፕሮግራም ሲቀየር ከሥራ ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የቀድሞ አድራሻዎች ማዛወሪያ ሰንጠረዥ ይቀመጥ። የምርምር ማከማቻዎችም የራሳቸውን የሃንድል መነሻ ቁጥር ያስመዝግቡ።

እነዚህ እርምጃዎች ገጹን በአንድ ጀምበር ወደ መጀመሪያው ረድፍ አያወጡትም። የሚያደርጉት ዛሬ የተጻፈ ጥናት ከአሥር ዓመት በኋላ በተጠቀሰበት አድራሻ እንዲገኝ ነው። ያንን ጥናት ለሚፈልገው ተማሪ ከደረጃ ሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው።